ኮሪደራችሁ ላይ ተቀምጦ ስለጠፋው ወንድሜ

ለተከበሩ የአእምሮ ጤናና የሱስ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና ካሉበት ጉባኤ በሰላም መመለስዎን እመኛለሁ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ ጉባኤ ላይ መሆንዎን ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ ደብዳቤዬን በጋዜጣ ባወጣው ቶሎ ይደርስዎታል ብዬ አሰብኩ፤ ረጅም ንግግር በሚበዛበት ስብሰባ ላይ ጋዜጣ እንደሚነበብ ከራሴ የመምህራን ስብሰባ አውቃለሁና።

እኔ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አናጢ ነው። የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይሆንለት፣ ሰው ቤት በእንግድነት ተጠርቶ እንኳ የበር ማጠፊያ ሲያጠብቅ ስለሚገኝ፣ የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ብሎ ይጠራዋል። በእናንተ መዝገብ ግን ተሳታፊ ቁጥር ሠላሳ አራት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠጥቷል። ጧት ጧት እጁ እየተንቀጠቀጠ መጋዝ መያዝ እስኪያቅተው፣ ሚስቱም ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት እስክትገባ ድረስ ጠጥቷል። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን ሳይሆን፣ ተቋምዎ ይህን ሰው ከየት እንዳነሣውና የት ላይ እንደጣለው በቅደም ተከተል ለማስረዳት ነው።

አንደኛ፣ በምክር አገልግሎት ጥናታችሁ ውስጥ ስለተቀበላችሁት አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነውና ከሚከተሉት ጋር እንዳይደባለቅብዎ አደራ እላለሁ። እኔና እናታችን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንለምነው፣ ስንቆጣው፣ ጠርሙስ ስንደብቅበት ያልሆነው ነገር፣ የምክር ባለሙያዋ በየማክሰኞው አርባ አምስት ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጣ ስታዳምጠው ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት መጠጡን አቆመ። ውሎ አድሮ እጁ ረጋ፤ ከስድስት ወር በፊት የጀመረውን የሰው ቁም ሣጥን ጨርሶ አስረከበ። ኮሪደራችሁ ላይ ተራ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ሲወላገድ ማየቱን ስላልቻለው ደግሞ፣ አንድ ማክሰኞ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ሄዶ አስተካከለው። ማንም አላዘዘውም።

ሁለተኛ፣ ቅጻችሁን አደንቃለሁ። ከምክሩ በፊት በየሳምንቱ የሚሞላው ወረቀት ከሰኞ እስከ እሑድ ሰባት ሣጥኖች አሉት፤ በየሣጥኑም በዕለቱ የተጠጣው ብርጭቆ ብዛት ይጻፋል። ወንድሜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ እያለ ጻፈ፤ አፈረ እንጂ አልዋሸም። በሰባተኛው ሳምንት ሰባቱንም ሣጥን ዜሮ ሞልቶ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። እኔ በሥራዬ ምክንያት በዜሮ ላይ ዜሮ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዜሮ አይቼ በደስታ ያለቀስኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጨዋነታችሁ። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት፣ መጠጥ ካቆመ ልክ በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ ወንድሜ እንደ ወትሮው ቀድሞ ደርሶ ራሱ በጠገነው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ በስሙ ጠርታ የታሸገ ደብዳቤ ሰጠችው። ደብዳቤው «በተደጋጋሚ ፈልገን ልናገኝዎ ባለመቻላችን ከጥናቱ የተሰረዙ መሆንዎን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። መቀበሉንም በመዝገብ ላይ አስፈርማዋለች። አንድን ሰው ፊት ለፊት አስቁሞ፣ በስሙ ጠርቶ፣ አስፈርሞ፣ መጥፋቱን ማብሰር የቻለ ተቋም ከዚህ በፊት መኖሩን አላውቅም። ወንድሜ ቤት መጥቶ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «እታለም፣ ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የነበረው ማን ነው?»

ዕድሜዬን በሙሉ መልስ በማወቅ እንጀራ የበላሁ ሴት ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ መኖሩን ሲጠይቀኝ ግን ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። ለዚህ ብቻ ይቅር አልላችሁም።

አራተኛ፣ ስለ ኮምፒውተራችሁ። በማግሥቱ መጥቼ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት፣ የመረጃ ክፍላችሁ ኃላፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ትሁት ሰው፣ አዝኖልኝ የወንድሜን መዝገብ ከፈተልኝ። ስምንቱ፣ አሥራ አንዱ፣ ዘጠኙ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ከሰባተኛው ሳምንት ወዲህ ያለው ግን ነጭ ነው። ሰውየው እንዳስረዳኝ ኮምፒውተሩ ዜሮ ሲገባለት «መልስ አልተሰጠም» ብሎ ባዶ ያደርገዋል፤ ሦስት ተከታታይ ባዶ ቅጽ ያለው ተሳታፊ ደግሞ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ «ጠፍቷል» ተብሎ ይሰረዛል። ወንድሜ በስድስት ቅጽ ላይ አርባ ሁለት ዜሮ ጻፈ። አርባ ሁለት ቀን፣ ቀን በቀን ታግሎ ያመጣውን ቁጥር ባዶ አደረጋችሁት። ስሕተቱን ያውቁት እንደሆነ ብጠይቀው፣ እንደሚያውቁት፣ ለማረም ግን የእርስዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ እርስዎም ጉባኤ ላይ እንደሆኑ ነገረኝ። የምክር ባለሙያዋም ደብዳቤው በተሰጠው ዕለት ልታነጋግረው ፈልጋ ነበር፤ መዝገቡ የተዘጋ ሰው ክፍል ስለማይሰጠው ኮሪደር ላይ ቆማ ትከሻውን ነክታ ሸኘችው።

አምስተኛ፣ በሬዲዮ ስላደረጉት ንግግር እንኳን ደስ ያለዎት። ሱስ የባህርይ ብልሹነት ሳይሆን ሕመም ነው፣ ሕመምተኛውን ማግለል ይብቃ ሲሉ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቀጥለው ግን ከስልሳ ተሳታፊዎች አሥራ ዘጠኙ እንደጠፉ፣ በቀሩት አርባ አንዱም ላይ በምክር አገልግሎቱ የመጣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳልታየ፣ ስለዚህም አገልግሎቱ በመጪው ዓመት እንደሚቋረጥ ተናገሩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈተና አርሜ ሁሉንም ጥያቄ የመለሱትን ልጆች ከክፍል አስወጥቼ፣ ከዚያ ለወላጆች «ልጆቻችሁ ሒሳብ አይገባቸውም» ብል በማግሥቱ ከሥራ እባረራለሁ። አሥራ ዘጠኙም ድነዋል እያልኩ አይደለም፤ ያላረምኩትን ወረቀት ውጤት አልሰጥም። አሥራ ዘጠኙን መዝገብ አውጥታችሁ የወረቀት ቅጾቹን ተመልከቱ ነው የምለው። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ አራተኛ ክፍል መድረስ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ስለ አዲሱ ጥናታችሁ። ተቋምዎ አዲስ ጥናት መጀመሩን በራችሁ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አነበብኩ። ርእሱ «የሱስ ሕሙማን ከክትትል ለምን ይጠፋሉ?» የሚል ነው። ተሳታፊዎች በየማክሰኞው ከዚያችው የምክር ባለሙያ ጋር ይነጋገራሉ። ወንድሜ ማስታወቂያውን አይቶ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ለመመዝገብ ሲቀርብ፣ መዝጋቢዋ መስፈርቱን ነገረችው፤ ባለፉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ የጠጣ መሆን አለበት። እሱ ከሁለት ወር በላይ ስላልጠጣ አያሟላም። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ዓርብ ይዘጋል።

ወንድሜ ልክ የሚያከብር ሰው ነው። ሳንቃው ከበሩ ከረዘመ ሳንቃውን ይቆርጣል እንጂ በሩን አይወቅስም። እሑድ ዕለት አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጠርሙሱ እስካሁን አልተከፈተም። ልደፋው ብድግ ስል እጄን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «አንዲት ብርጭቆ ብቻ ጠጥቼ ልመዝገብ። ከእሷ ጋር መነጋገሬ ከቀረ እኮ፣ እታለም፣ ለማንኛውም እጠጣለሁ።»

ላሳምነው ሞከርኩ፤ ለንግግሩ ግን ስሕተት አላገኘሁለትም። በእናንተ ሕግ የታመመ ሰው እንዲረዳ መታመሙን ማሳየት አለበት፣ የዳነም እንዳይረሳ መልሶ መታመም አለበት። ወንድሜን ለመዳን መጠጣት እንዳለበት ያስተማረው የመጠጥ ቤት ጓደኛ ሳይሆን የእርስዎ ማስታወቂያ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ይፈርሙ። ለአዲስ ሕንፃ፣ ለአዲስ ጥናት፣ ለአዲስ ጉባኤ አይደለም፤ አርባ ሁለቱ ዜሮዎች በየሣጥናቸው እንዲመለሱና የአንድ ሰው መዝገብ እንዲከፈት ብቻ ይፈርሙ። ጉባኤ ላይም ቢሆኑ እስክሪብቶ በነፃ እንደሚታደል አውቃለሁ።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበቡልኝም ባዶ ተብሎ ይመዝገብልኝ።

ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
የተሳታፊ ቁጥር ሠላሳ አራት ታላቅ እህት፣
ዜሮን ከቁጥር የምትቆጥር የአራተኛ ክፍል መምህር

ግልባጭ፦
ጠፍተዋል ለተባሉት ለሌሎቹ አሥራ ስምንት ሰዎች፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዲሱ ጥናታችሁ ይረዳ እንደሆነ፣ ከጠፉት አንዱን አግኝቻለሁ። ዓርብ ጧት ቢሮ ሲከፈት ኮሪደራችሁ ላይ፣ በስተግራ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የማይወላገደው እሱ ነው። በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው በስሙ ይጥሩት። ዓርብ እዚያ ካጡት ግን፣ የሰጣችሁት ደብዳቤ ያን ጊዜ እውነት ሆኗል ማለት ነውና ሌላ ቅጂ ይላኩልኝ፤ መቀበሌን እኔ እፈርማለሁ።