ስለ አንዲት አኩራፊ የፒያኖ ቁልፍ፣ ለአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የከተማው አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በጥሩ የምግብ ፍላጎትና በዚያ ሰፊ የቆዳ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት እንዴት እንደሆንን ለመጠየቅ ሥራ እንደማያፈናፍንዎ ስለምረዳ፣ ሳልጠየቅ መመለስ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ደህና ነን። እናቴ ብቻ ማንም ሰው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ ተነስታ ከክፍሉ ትወጣለች። ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

በቅድሚያ በፒያኖ ብቻ የሚቀርበው የክረምቱ የፊልም ሙዚቃ ዝግጅት ዘንድሮም ስለ ደመቀልዎ እንኳን ደስ አለዎት። ስድስት እሑዶች አልፈዋል፣ አንድ ይቀራል። ወንበር ያጣው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲያዳምጥ አይቻለሁ፤ ከተደገፉት አንዱ እኔ ነኝ። ዝግጅቱን ከሁለት ዓመት በፊት የጀመረችው፣ ሁለት ክረምትም ብቻዋን የተጫወተችው እህቴ መሆኗን ላስታውስዎ አልጻፍኩም። የማስታወስ ችግር የለብዎትም፤ እኔን የገረመኝ የመርሳት ችሎታዎ ነው። የምጽፈው ላመሰግንዎ ሲሆን፣ ምስጋናው በዝቶ እንዳይምታታብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ለቅሶ ስለ ደረሱን አመሰግናለሁ። እህቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው መሐረብዎን ሁለት ጊዜ አወጡ፣ ሁለት ጊዜም ደረቁን መልሰው ኪስዎ ከተቱት። ከዚያም እናቴን፣ «እትዬ፣ ያ የኖታ ደብተሯ ለአንድ ሳምንት ቢሰጠን በስሟ የመታሰቢያ ኮንሰርት እናደርግላት ነበር» አሏት። እናቴ ያን ቀን ቤቱን ቢጠይቋትም ቤቱን ትሰጥዎ ነበር። ደብተሩን እህቴ ራሷ በጠቀለለችበት ሻርፕ እንደተጠቀለለ አስረከበችዎ። ያ ሳምንት እነሆ አራት ወር ሆኖታል፣ የመታሰቢያ ኮንሰርቱም ገና በመንገድ ላይ ነው። ሻርፑ ግን በሳምንቱ ታጥቦና ተተኩሶ ደርሶናል። እናቴ ተቀብላ አሸተተችውና ሳሙና ሳሙና ሲላት አጥፋ አስቀመጠችው። ስለ ንጽሕናዎም አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ፕሮግራሙ ወረቀት አመሰግናለሁ። ከግርጌው «ኖታውን ያዘጋጀው የአዳራሹ የሙዚቃ ክፍል» የሚል ሰፍሯል። እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን እስከ ዛሬ ባለማወቄ አፍሬ ልፈልገው ሄድኩ። ከመድረኩ ጀርባ «ሙዚቃ» ተብሎ የተጻፈበትን በር ከአዳራሹ ጥበቃዎች አንዱ ከፈተልኝ፤ የትኛው እንደሆነ ባለመናገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ። ውስጡ ሁለት መጥረጊያ፣ አንድ ባልዲና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነበር። ጥበቃው፣ «አባላቱ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ወንድሜ» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። እህቴ ካረፈች ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለዚህም ባለውለታዎ ነኝ።

ባልዲው ሥራው እንዴት እንደተሠራ ቢጠየቅ እንዳያፍር ልንገረው። ትምህርት የሌለ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ሪሞቱን እኔ እይዛለሁ። «መልሰው» ትለኛለች፣ እመልሳለሁ። «አንተ ደግሞ፣ አሳለፍከው እኮ፣ መልሰው» ትለኛለች። ተዋናዩ አንድ በር ከፍቶ ለመግባት አርባ ጊዜ ይሞክራል። ቤታችን ፒያኖ ስለሌለ የሰማችውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጣቶቿ ትመታና ትጽፋለች። አሥራ አንድ ፊልም እንዲህ አድርገን አየን፤ የአንዱንም ታሪክ በወጉ አላውቀውም።

፫. ስለ ጥገናው አመሰግናለሁ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የአዳራሹ ፒያኖ መሐሉ ላይ ስትነካ ድምፅ ሳታሰማ ወርዳ እዚያው የምትቀር አንዲት ነጭ ቁልፍ ነበረችው። እህቴ ስም አውጥታላት «አኩራፊዋ» ትላት ነበር። እንድትጠገን ሦስት ማመልከቻ አስገብታ ሦስት ጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ከነማኅተሙ ተሰጣት። ስለዚህ ሁሉንም ሙዚቃ ያቺን ቁልፍ ሳትነካ ጻፈችው። ዜማው አኩራፊዋ ጋ ሲደርስ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሄዳ አቻዋን ትመታለች፣ ካልሆነም ትዘላታለች። ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቢያገላብጡ አኩራፊዋን አንድም ቦታ አያገኟትም።

አዲሱ ፒያኖ ተጫዋች በመጣ በማግሥቱ ቁልፏ ተጠገነች። አሁን እንደ እኩዮቿ ትናገራለች፤ ኮንሰርቱ ሳይጀመር አንድ ሕፃን ሲነካት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ስድስቱንም እሑድ በግራ በኩል ቆሜ የተጫዋቹን እጆች ስከታተል አንድ ጊዜ እንኳን ሲነካት አላየሁም። በመጀመሪያው እሑድ ማይክሮፎን ይዘው፣ የሙዚቃ ክፍሉ ኖታውን ያዘጋጀው ፒያኖው ከታደሰ በኋላ መሆኑን አብስረውናል። ታዲያ ባልዲው ደህና ከሆነች ቁልፍ ጋር ምን አጣላው? በሦስተኛው እሑድ ደግሞ፣ «ይህ ቁጥብነት አዳራሻችን የሚታወቅበት የአጻጻፍ ስልት ነው» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበልዎ። የተጨበጨበው መፍትሔ ላጡ ሦስት ማመልከቻዎች መሆኑን እዚያ ከነበርነው ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እርስዎና እኔ።

፬. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የማመልከቻዎቹን ቅጂ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ወረቀቱን ሳይነኩ፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ የሚያናግርህ ሐዘን ነው፤ ትምህርትህ ላይ በርታ» ብለውኛል። ከእኔ በፊት እናቴ ደብተሩን ልትጠይቅ መጥታ ጸሐፊዎ፣ «ስትሰጡ አስፈርማችኋል?» ብላ መልሳታለች። እናቴ ለቅሶ የደረሰን ሰው ማስፈረም እንደሚያስፈልግ አላወቀችም። አሁን አውቃለች። እኔም እንዳዘዙኝ በርትቻለሁ፤ ደብዳቤ አጻጻፍ ላይ ያለኝን እድገት እንደሚያዩልኝ እተማመናለሁ።

፭. ስለ ተጫዋቹ የማማርረው የለኝም። የተሰጠውን ይጫወታል፣ ደግሞም ይችላል። ባይችል ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ ልመናዬ ሁለት ነው። የመጨረሻው እሑድ ሳይደርስ ደብተሩ ለእናቴ በእጇ ይመለስላት፤ በዚያም ቀን በሚታደለው ወረቀት ላይ የሙዚቃ ክፍሉ ከነመጥረጊያው ወጥቶ የእህቴ ስም ይግባ። ስሟን ከረሱት፣ ማመልከቻዎቹ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፋልዎታለች።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዝቅ ማለቴንም የጫማዬን ክር ለማሰር እንደሆነ እንዲቆጥሩልኝ እየለመንኩ፣

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣
የእውነተኛው የሙዚቃ ክፍል የሪሞት ኃላፊ፣
ወንድሟ

ማስታወሻ፦ በመጪው እሑድ መዝጊያ ሆኖ የሚቀርበው የመርከበኛው ፊልም ሙዚቃ ደብተሩ ውስጥ ያለው አምስት ገጽ ነው። ተጫዋቹ እስካሁን ካልነገርዎ ሙዚቃው በዚያ አያልቅም። ስድስተኛውን ገጽ እህቴ ሆስፒታል ተኝታ ከሂሳብ ደብተሬ በገነጠለችው ባለ ካሬ መስመር ወረቀት ላይ ጻፈችው። አኩራፊዋ እዚያ ገጽ ላይ ዘጠኝ ጊዜ አለች፤ ሙዚቃውም የሚያበቃው በእሷ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ «እስክድን ድረስ ይጠግኗታል» ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው። ቤታችንን ያውቁታል። ደብተሩን ይዘው ሲመጡ በሩን እኔ እከፍትልዎታለሁ፤ መሐረብ አያስፈልግም።