ብርድ ልብሱ ለእንሰቱ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8። ማታ

አለበስኳቸው። አሥራ ሁለቱንም። ችካል ዙሪያውን፣ ብርድ ልብስ ከላይ፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ። ቅጠሉን እንዳይነካ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ንፋስ የለም። እንዲህ ያለ ማታ አልወድም፤ ሲነጋ አመዳይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ አድሮ አገኘሁት። የጎረቤት ድንች ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል።

ማቴዎስ ካፖርቱን ለብሶ ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። ባል በካፖርት፣ እንሰት በብርድ ልብስ የሚያድርበት ቤት የኛ ብቻ ነው ይላል። ይበል! በብርድ የሞተ ባል አላየሁም።

ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ አትፍረጂብኝ። ይሄ ተራ እንሰት አይደለም። የእናቴ ቀዩ እንሰት ነው። ሺንሺቾ ጓሮዋ ውስጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ክንዴ ሲሰበር እሱን በወተት እያበላች ነው ያዳነችኝ። እሷ ካረፈች በኋላ ወንድሜ ጓሮውን መንጥሮ የሚከራይ ሱቅ ሠራበት። ከተቆለለው አፈር ላይ አንድ አምቾ፣ ሥሩን ብቻ፣ አነሳሁ። በሚኒባስ ጭኔ ላይ አድርጌ ሆሳዕና አመጣሁት። ቀበርኩት። አበቀለ። ሌላ የትም የለም። እነዚህ ከሞቱ በቃ፣ ዘሩ ጠፋ።

አሥራ አራት ነበሩ። አምና መስቀል ሰሞን ሁለቱን ፍልፈል በላብኝ። ከዚያ ወዲህ የጓሮው በር ይቆለፋል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ፍልፈል በበር ነው እንዴ የሚገባው? ይለኛል ማቴዎስ። ለፍልፈል ብቻ አይደለማ! ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ፍሬ ስጪን እያለ አስቸገረኝ። ታናሽ እህቴ ታደለች ሳትቀር አዲሎ ሆና በስልክ ትለምናለች። ሲበዛ እሰጥሻለሁ አልኳት። የአዲሎ ፍየል ሊበላው!

ዓርብ፣ 10። ጠዋት

ፀሐይ እንደወጣች ገለጥኩ። ሁሉም ደህና! ቅጠላቸው ቀጥ ብሏል፣ አከርካሪው ደም መስሏል። እሰይ። ብርድ ልብሱ ግን በአመዳይ ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሟል። አጥር ላይ ሰቀልኩት።

ት/ቤት አረፈድኩ። ባጃጅ ጠፋ። ሦስተኛ ክፍሎቼ ፀጉሬ ላይ ጭድ አይተው ሲስቁ ዋሉ። ይሳቁ። ዛሬ ማንም አያናድደኝም።

እሁድ፣ 12። ከቤ/ክ መልስ

ጉድ ፈላ።

ዓርብ ኮንፈረንስ ይጀመራል። ከአምልኮ በኋላ ማን ስንት እንግዳ ያሳድራል ተባለ። አንዱ ሁለት አለ፣ አንዱ ሦስት። ማቴዎስ ከመቀመጫው ተነስቶ አራት! ቆነጠጥኩት። የቆነጠጥኩት የደስታ መስሎት አምስት ሊል ነበር። እግሩን ረገጥኩለት።

መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። እንግዳ የጌታ ነው ይለኛል። የጌታ መሆኑን መቼ ጠፋኝ? ብርድ ልብሱስ? ብርድ ልብሱ ጓሮ ነው ያለው! መንገድ ላይ ቆመ። ረስቶታል። ሰውየው በየማታው ካፖርት ለብሶ እየተኛ ለምን እንደሆነ ረስቶታል።

ልዋስ ብልም ሰፈሩ በሙሉ እንግዳ አለበት። ለእንግዳ ብርድ ልብስ ከልክዬ እንሰት አልብሼ ልደር? እናቴ ራሷ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች።

ሐሙስ፣ 16

ብርድ ልብስ አጠባ። ወገቤ። አፈሩ እምቢ፣ የጭቃ ሽታው እምቢ። ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

ለእንሰቶቹ ላስቲክ ገዛሁ። የማዳበሪያ ከረጢትም ሰብስቤያለሁ። ማቴዎስ ጥፋቱ ገብቶት ሲላላጥ ዋለ፤ ችካል ሲያስተካክል፣ ውሃ ሲያጠጣ። ይገባዋል።

ዓርብ፣ 17። ማታ

ገቡ። ከአንጋጫ ናቸው። ሁለት እናቶች፣ ሁለት ወጣት ዘማሪዎች። ትልቋ እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ገና ከበሩ መርቀውን ገቡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አልዋሽም። ሻንጣቸው ብቻ ከበደኝ፤ ለሁለት ማታ ምን ይዘው መጡ?

ብርድ ልብሶቹን ፍራሻቸው ላይ አጥፌ አኖርኩ። ጓሮ ወጣሁ። ላስቲኩን ጣል አደረግኩ፣ ከረጢቱን ደረብኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ንፋስ የለም።

ቅዳሜ፣ 18። ጠዋት 1 ሰዓት

አለቀ።

ላስቲኩ በከረጢቱ ክብደት ተኝቶባቸው አደረ። የነካው ሁሉ ጠቁሯል። ቅጠሉን ስይዘው እጄ ላይ ሟሸሸ። አሥራ ሁለቱም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅሽ። እናቴ ዛሬ ገና የሞተች ነው የመሰለኝ።

ከዚያ የባሰውን ስሚ። እንግዶቹ ሲነሱ ገባሁ። ብርድ ልብሶቼ እንዳጠፍኳቸው ተቀምጠዋል! አልተነኩም! የአንጋጫ ሰው ብርድ ያውቃል፤ አራቱም የየራሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ያ ከባድ ሻንጣ እሱ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ጥርት ያለ ንጹሕ ነገር አይተው ማቆሸሹ ከብዷቸው መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። ሳቅሁ አልሳቅሁ አላውቅም። ቁርስ አቀረብኩ።

ማቴዎስ ዓይኔን አያይም። የሞተውን ልንቀለው ስል ብቻ እጄን ያዘ። ቆዪ፣ ልቡን እንይ አለ። ቅጠል ቢሞት ልቡ ይተርፋል ይላል። ያንተ ልብ ይትረፍ አልኩት። ግን አልነቀልኩም።

እሁድ፣ 19። ማታ

ደብተሬ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ታደለች ለመዝጊያው ፕሮግራም ከአዲሎ መጣች። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጓሮ አስገባኋት። አሳየኋት። በቃ የእማዬ ነገር አለቀ ብዬ ለቅሶ ጀመርኩ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ልጅ ሆና ስኳር ስትሰርቅ እንዲሁ ነበረች።

«እትዬ፣ ካልመታሽኝ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

ምን?

«ፍልፈሏ እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። ስልኳን አወጣች። ፎቶ። ከቤቷ ጀርባ ሁለት እንሰት፣ ከአጥሩ በላይ፣ ቀይ አከርካሪ፣ ሰፊ ቅጠል! አምና ለመስቀል መጥታ ስትመለስ ከዘንቢሏ ሥር፣ እኔው በሰጠኋት ቆጮ ሸፍና ወስዳለች። አዲሎ ሞቃት ነው፣ አመዳይ አያውቀውም። ፍየልም አልነካው።

ልምታት ልሳማት? ሁለቱንም አደረግኩ። መጀመሪያ መታኋት።

ማቴዎስ ዓመቱን ሙሉ ለፍልፈል ወጥመድ ሲተክል እንደከረመ ትዝ ብሎት መሬት ላይ ወድቆ ሳቀ። እማማ ጥሩነሽ ነገሩ ሲነገራቸው ይሄ ስርቆት ነው ወይስ ምሕረት ብለው ግራ ገባቸው፤ በመጨረሻ ለሁላችንም ጸለዩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር። አንዱ መነጠረ፣ አንዷ ቆለፈች፣ አንዷ ሰረቀች። ያዳነችው የሰረቀችው ናት።

ዛሬ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ ወረደ። እንቅልፌ መጣ። ብርድ ልብስም አለኝ!

ሰኞ፣ 27። ከሰዓት

አመዳይ የቀቀለውን ቅጠል ሁሉ በቢላ ቆርጬ ጣልኩ። ልባቸውን አየሁ። ከመሃል ትንሽ የተጠቀለለ አረንጓዴ ብቅ ብሏል! የሦስቱ በስብሷል፣ ይሸታል። ዘጠኙ ግን አሉ። ጮህኩ። ማቴዎስ እየሮጠ መጣ፣ እባብ መስሎት። ልቡ አለ፣ ልቡ አለ አልኩት። እኔስ ምን አልኩሽ? አለ። ይኸው ሳምንት ሙሉ እኔስ ምን አልኩሽ ሊለኝ ነው። ይበል፣ ተፈቅዶለታል።

ግን አሰብኩ። ዘጠኙም አንድ ጓሮ ውስጥ፣ አንድ ሰማይ ሥር። ሌላ ጥርት ያለ ማታ ቢመጣስ? አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ለአመዳይ ምን ያደርግለታል?

ታደለች ነገ ለገና ትመጣለች። አፌን ሞልቼ ውሰጂ ልበላት? ካደረግኩት ሁሉ በኋላ ያሳፍረኛል። ትስቅብኛለችም። በጋ ላይ መንቀል ደግ አይደለም፤ ግን አዲሎ ጉድጓድ ውሃ አላት፣ አንዴም አብቅላ አሳይታኛለች።

ማክሰኞ፣ 28። የገና ዋዜማ

መጣች። ዘንቢሏ ባዶ ነው። አይቼዋለሁ፣ አላየሁም።

ጠዋት ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። መቆፈሪያውን አጥሩ ሥር አስደግፌ ትቼዋለሁ፣ የረሳሁት እንዲመስል። ታደለች ልናፈስ ብላ ወጣች። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ በመሃል እየጻፍኩልሽ።

አሁን ጓሮ ድምፅ አለ። ማቴዎስ ከጋዜጣው ቀና አለ። ስሚ፣ ውጭ የሚቆፍር ነገር አለ አለኝ።

ተወው፣ ፍልፈል ነው አልኩት።