በውሰት ጫማ ስላማረው ጉባኤዎ

ለክቡር ዶክተር ዙሃይር ሸውከት
የሥራ ቦታ ጤንነትና ደኅንነት ዓመታዊ ጉባኤ ዋና ጸሐፊ
አማን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ፣ በተለይም እስከ አሥሩም የእግር ጣቶችዎ ድረስ፣ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። ምኞቴ የደብዳቤ ወግ ለማድረስ ያህል እንዳልሆነ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል።

እኔ ኸታም ዐዋድ እባላለሁ። ኢርቢድ ከተማ ዳር በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልሁ ነርስ ነኝ። በስም አያውቁኝም፤ ነገር ግን ባለፈው ሰኔ፣ በሙት ባሕር ዳርቻ በነበረው የጉባኤዎ አዳራሽ በር ላይ፣ ከእግርዎ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ተንበርክኬ አይተውኛል። የተንበረከክሁት ለክብርዎ አልነበረም፤ ያን ዕለት እንደዚያ መስሎ ታይቶዎት ከነበረ ግን ዘግይቼ ደስታዎን ስለነጠቅሁዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በፖስታ የላክሁልዎት የመጀመሪያ ደብዳቤ ያገኘው መልስ እጅግ የሚያስደንቅ ስለሆነ፣ ብቻዬን ከማደንቀው ሕዝብ አብሮኝ ቢያደንቀው ይሻላል ብዬ ይህን ሁለተኛውን በጋዜጣ አውጥቼዋለሁ። ቅሬታዬንም ለጽሕፈት ቤትዎ አሠራር እንዲመች በቁጥር አቅርቤዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ አለባበስ መመሪያዎ።

«ጤናማ አካል ለጤናማ ሥራ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ጉባኤ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ገጽ ወረቀት ደረሰን። ግማሽ ገጹ በጉባኤው ላይ ስለሚነገረው ጉዳይ ሲሆን፣ የቀረው ሁለት ገጽ ተኩል ስለምንለብሰው ነበር። ወንዶች ጥቁር የሱፍ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴቶች ደግሞ ጠቆር ያለ ልብስና «ጣት የማያሳይ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ለመድረክ የሚመጥን ጫማ» እንዲያደርጉ ታዟል። በሰኔ ወር፣ ጥላ ራሱ ጥላ በሚፈልግበት በዚያ ቆላ፣ ሱፍ እንዲለበስ ያዘዘ አእምሮ ተራ አእምሮ አለመሆኑን ሁላችንም ተቀብለናል። ስለ ወገብና ስለ እግር ሕመም ልንመካከር የተጠራን ሰዎች፣ ሕመሙን በቃል ብቻ ሳይሆን በአካላችን ይዘነው እንድንቀርብ ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ «አክስቴ» ስላሏት ሴት።

በበሩ ላይ «አክስቴ» ብለው የጠሯት ሴት ስም አላት፤ ስላልጠየቋት እኔ ልንገርዎ። ወይዘሮ ተማም ትባላለች። የበኩር ልጇን ዘይዱንን ከወለደች ወዲህ ግን ሰፈሩም ፋብሪካውም ኡም ዘይዱን፣ የዘይዱን እናት፣ ነው የሚላት። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ሃያ ሰባቱን ዓመት የወንዶች ኮት ስትሰፋና ስታሰፋ ኖራለች፤ ስለዚህ ሰው ሆኖ ኮት የለበሰውንና ኮት ለብሶ ሰው የሚመስለውን ገና ከትከሻው ትለየዋለች። ቀኑን ሙሉ ቆመው ካውያ የሚተኩሱት ሴቶች በየተራ የሚቀመጡበት ወንበር፣ ከእግራቸው ሥርም የሚነጠፍ ወፍራም ጎማ እንዲሰጣቸው ሰባት ወር ከአስተዳደሩ ጋር ተሟግታ ያስፈቀደች እሷ ናት። ጉባኤዎ በመድረክ እንድትናገር የጋበዛትም ስለዚሁ ነበር።

እርስዎ በሁለት ገጽ ተኩል ያልሆነልዎትን ነገር ኡም ዘይዱን በአንድ ከሰዓት በኋላ አስረድታኛለች። የምትለብሰውን ልትሰፋ ጨርቅ ስትመርጥ አብሬያት ገበያ ወጥቼ ነበር። ከጨርቁ ጫፍ ጨብጣ እስከ አሥር ቆጠረችና ለቀቀችው።

«አየሽ፣ አልተጨማደደም። አውቶቡስ ላይ ስቀመጥበት አርፍጄ ስወርድ፣ ከአልጋ የተነሣሁ አልመስልም» አለችኝ።

«ወረቀቱ ጥቁር ነው የሚለው» አልኋት።

«ጠቆር ያለ ነው የሚለው። ይሄ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይም እንደ ጥቁሩ አይጠጣም። ደግሞ ልብስ ስትለኪ ቆመሽ ብቻ አትለኪ። ተቀመጪ፣ ጎንበስ በይ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። ቆመው ብቻ የሚያምሩበት ልብስ የሐውልት ነው።»

«ጫማውስ?»

«ጫማዬማ ያው ጫማዬ ነው።»

ረጅሙን ካፖርት ራሷ ሰፋችው፤ ቀለል ያለ፣ እጅጌው የማይዝ፣ ሁለት ጥልቅ ኪስ ያለው። አንዱ ኪስ ለመነጽሯ፣ ሌላው ስኳሯ ድንገት ቢወርድ ለምትልሳት ከረሜላ። ጫማዋ ከክሊኒክ የታዘዘላት፣ ጥቁር ቆዳ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ በሚለጠፍ ማሰሪያ የሚያዝ ነው። የስኳር ሕመም የሁለት እግሯን ስሜት ከወሰደባት ሦስት ዓመት ሆኗታልና ሌላ ጫማ አታደርግም። ፊት እስኪያሳይ ድረስ ወለወለችው። በዚያ አውቶቡስ ከኢርቢድ ከወረድነው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች መካከል እንደ እሷ ለሥራም ለክብርም የለበሰ አልነበረም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ዘንድ ደረስን። እርስዎ እንግዳ ሊቀበሉ ቆመው ነበር። ዓይንዎ ወደ ፊቷ ሳይወጣ ጫማዋ ላይ ቀረ።

«አክስቴ፣ ይሄ የሆስፒታል ጫማ ነው» አሏት።

«አዎ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው።»

«የክብር እንግዳው ሊገቡ ነው፤ ፎቶ አለ። በቤት ጫማ መድረክ አትወጪም። ወይ ቀይሪው፣ ወይ ንግግርሽን ሌላ ሰው ያንብበው።»

ኡም ዘይዱን ወረቀቷን ተመለከተች። በወረቀቱ ላይ የሠላሳ አራት ካውያ ተኳሽ ሴቶች ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም የእግርና የወገብ ሕመማቸው ተጽፎ ነበር። የእጅ ጽሕፈቷን ከእሷ በቀር ማንም አያነበውም። «እሺ፣ እቀይራለሁ» አለች።

እርስዎም በቸርነትዎ ወደ ሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ዘወር ብለው «አንቺ ከባንኮኒው ጀርባ ስለሆንሽ እግርሽ አይታይም፤ አውልቂ» አሏት። ልጅቷ አወለቀች። ጫማዋ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው፤ የኡም ዘይዱን እግር አርባ። እኔ ተንበርክኬ፣ ከሻይ ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ አንሥቼ፣ በእጀታው እያንሸራተትሁ እግሯን አስገባሁት።

«አልጠበበሽም?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። እግሬ ከተለየኝ ሦስት ዓመቱ ነው። ግፊው።»

ገፋሁት። እርስዎም «አሁን ሰው መሰልሽ» ብለው ፈገግ አሉ።

የክብር እንግዳው አንድ ሰዓት ተኩል ዘገዩ። ተቀምጦ መጠበቅ ለዓይን አያምርም ስላሉ፣ ስለ መቆም ጉዳት ልትናገር የመጣችው ሴት ያን ሁሉ ጊዜ በሰልፍ ቆመች። ቀጥሎም የተሰጣት የሩብ ሰዓት ንግግር ስድስት ደቂቃ ሆነ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከሠላሳ አራቱ የአሥራ አንዱን ስም ብቻ ልታነብ ቻለች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና «የቀሩትም ቆመዋል» ብላ ወረደች። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም አጨብጭበዋል፤ አይቼዎታለሁ። ከዚያ ለፎቶግራፉ እንደገና ቆመች።

ወደ ኢርቢድ ልንመለስ ስንል አውቶቡስ ውስጥ የውሰቱን ጫማ አውልቃ በሾፌሩ በኩል ለልጅቷ ላከች፤ የራሷን ልታደርግም ጎንበስ አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ኸታም፣ ሻይ አፍስሼ ነው እንዴ? ካልሲዬ ረጥቧል።»

ሻይ አልነበረም። የቀኝ እግሯ ተረከዝ ተልጧል፤ የትንሿ ጣት ቆዳ ከነጥፍሩ ተነሥቷል። እሷ አልተሰማትም። ደሙን በእጄ ይዤ ስታየኝ «ምን ሆነሻል፣ ነርስ አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቁስሉ አልደርቅ አለ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቿን ቆረጡ። እስከ ዛሬ ጥቅምት ድረስ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ በቤቷ ውስጥ በምርኩዝ ትሄዳለች።

፫ኛ፦ ስለ መልስዎ።

የሆነውን ሁሉ ጽፌ በላክሁ በሁለተኛው ወር ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ትልቅ ፖስታ መጣ። ውስጡ በወርቃማ ቀለም የታተመ የምስጋና ወረቀት ነበር፤ «ለጉባኤያችን ላበረከቱት ውብ ተሳትፎ» ይላል። በውስጡ ስሟ «ተማም» መሆኑ ቀርቶ «ተማር» ተብሎ ተጽፏል፤ ምክርዎ ከሆነ እንቀበላለን። ከወረቀቱ ጋር ያን ሁሉ ያስከፈለው ፎቶግራፍ ነበረ። ክቡር ሆይ፣ ደጋግሜ አየሁት። ሃያ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም የተነሡት ከወገብ በላይ ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ አንድም እግር የለም፤ የእርስዎም፣ የክብር እንግዳውም፣ የእሷም።

በዚያው ፖስታ የጉባኤዎ ሪፖርት አብሮ መጥቷል። በሦስተኛው ገጽ ላይ «ጉባኤው ያለ አንዳች አደጋ ተፈጽሟል» ተብሏል። የሰውን ደም አይቶ እንደዚህ መጻፍ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ደሙን ለማየት እንኳ ሳይደክም የሚጽፍ ግን እርስዎን አየሁ።

፬ኛ፦ ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

እርስዎ የስኳር በሽተኛ እግር ለአንዲት ሰዓት እንኳ የሌላ ሰው ጫማ ውስጥ መግባት እንደሌለበት አላወቁም ይሆናል። የሥራ ደኅንነት ዋና ጸሐፊ እንጂ የደኅንነት ዐዋቂ መሆን ግዴታዎ አይደለም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ለሠራተኛው ሁሉ በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ከእርስዎ ከረባት ፊት ምላሴ ታሰረ፤ እጄ ግን አልታሰረም፣ ገፋሁት። ለእርስዎ ያለኝን ንቀት ሁሉ ስጽፍ የራሴን ድርሻ አስቀርቼ ነው፤ በልክ አካፍዪ ብባል ለእርስዎ የሚተርፈው ከጠበቁት ሊያንስ ይችላል።

ይቅርታ ሊጠይቅ ኢርቢድ ድረስ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ሩላ ትባላለች። ነገሩን ከአውቶቡሳችን ሾፌር ሰምታ፣ በዕረፍት ቀኗ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጣች። ከኡም ዘይዱን አልጋ ግርጌ ቆማ «ጫማው የኔ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ጫማሽን ማን ጠየቀሽ፤ ተቀመጪ» አለቻት ኡም ዘይዱን። «በቀን ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ?»

«አሥር፤ አንዳንዴ አሥራ ሁለት።»

«በዚያው ጫማ?»

«በዚያው፣ አክስቴ።»

«እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

ልጅቷ አፈረች፤ ኋላ ግን አሳየች። ተረከዟ አርጅቶ የጠነከረ ቁስል ነበረው። ኡም ዘይዱን ወደ እኔ ዞራ «ኸታም፣ የኔን ፋሻ ነገ ትቀይሪዋለሽ፤ መጀመሪያ የሷን እሰሪላት» አለችኝ። አሰርሁላት። ከዚያ ኡም ዘይዱን ከትራሷ ሥር እርሳስ አውጥታ በዚያው ወረቀቷ ላይ ሠላሳ አምስተኛ አድርጋ ጻፈቻት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለፋብሪካዎች ሁሉ የሚያድለው የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ አለ፤ አዘጋጅቶ ያሳተመው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ መሙላቱም የእኔ ግዴታ ነው። ሞልቼዋለሁ። «አደጋው የደረሰበት ስፍራ» ከሚለው ፊት የጉባኤዎን አዳራሽ ጽፌያለሁ። «አደጋውን ማስቀረት ይቻል ነበርን?» ለሚለው «አዎ፣ በአንዲት ቃል» ብያለሁ። «ቃሉን መናገር የነበረበት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ የለም፤ በኅዳጉ ላይ እኔ ጨመርሁት፤ የሁለት ሰዎች ስምም ጻፍሁበት። የእኔን አስቀድሜያለሁ፤ ፈርሜበታለሁም። ከሥሩ ያለው መስመር የእርስዎን ፊርማ ይጠብቃል።

ለማዕረግዎ፣ ለከረባትዎና ለኮትዎ ቀጥ ያለ ትከሻ ከሚገባው አክብሮት ጋር፣ ከዚያ አንዲት ስንዝር ሳላሳልፍ፣

ኸታም ዐዋድ
ነርስ፣ ኢርቢድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቅጹ ደንብ መሠረት ፊርማዎን የሚያኖሩት ጉዳት በደረሰባት ሰው ፊት ነውና ወደ ኡም ዘይዱን ቤት መምጣት ይኖርብዎታል። ምን ለብሰው እንደሚመጡ እንዳይቸገሩ አስቀድሜ ጠይቄልዎታለሁ። «የተመቸውን ይልበስ» ብላለች። ጫማ ግን በቤቷ ደንብ ከበር ላይ ይወልቃል።