የልጄ ቅልጥምና የእርስዎ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ የሯጮች ክለባችን ዋና አሠልጣኝ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ከፍርሃቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጄን ለእሑዱ ውድድር ስላጩልኝ ላመሰግንዎ፣ ዓይኔንም በጨው አጥቤ ጥቂት ቅሬታ በአደባባይ ላቀርብልዎ ብዕር አንሥቻለሁ።

፩. ባለፈው ወር የልጄን የሩጫ መጠን በአንድ ጊዜ በእጥፍ ስላሳደጉላት ከልብ አመሰግናለሁ። ልጄን ያየቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አጥንት ጫናን ቶሎ አይለምድም፣ ቀስ በቀስ ይጨመር፣ በመሐል ዕረፍት ይኑር፣ ባትና ዳሌም በእንቅስቃሴ ይጠንክር ትላለች። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ «የሰነፍ መላ» ብለው በአንድ ቃል ገላገሉን።

፪. ቅልጥሟን ሲያማት ስለሚረጩላት ቀዝቃዛ መድኃኒትም ውለታዎ አለብኝ፤ ሕመሙን ጸጥ ያሰኘዋል። ባለሙያዋ እንደነገረችኝ ከሆነ ግን ሕመሙ አጥንቱ መሰንጠቅ ስለጀመረ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ እንኳ ላይታይ ይችላል፤ ከተሮጠበት ደግሞ አጥንቱ ለሁለት ሊሰበር ይችላል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጓዳ ውስጥ ሳህን ወድቆ ሲሰበር እንኳ ልጄ የት ነች ብዬ እጮኻለሁ።

፫. ከሁሉ በላይ የማደንቅልዎ ያስተማሯትን ትዕግሥት ነው። ሕክምና የሄደች ሯጭ ከሰልፍ ትወጣለች የሚል ደንብ ስላወጡ ልጄን በድብቅ ነበር ይዣት የሄድኩት። ባለሙያዋ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ስትወርድ አንዲት ቦታ ላይ ደረሰች፤ ልጄ ፈገግ ብላ «ምንም አይለኝም» አለች፤ በአጠገቧ የቆምኩት እኔ ግን የአልጋውን ጨርቅ ጨምድዶ የያዘውን እጇን አየሁ። በዚያው እግሯ ብቻ እንጣጥ በዪ ስትባልም ጥርሷን ነክሳ እንጣጥ አለች። ባለሙያዋ አልተሞኘችም፤ በደንብ እስኪጣራ ድረስ እንዳትሮጥ አስጠነቀቀች፣ ወደ እኔም ዞር ብላ፣ አመመኝ ለምትለኝ ሯጭ መላ አላጣም፣ ለምትዋሸኝ ግን እንዴት አድርጌ ልድረስላት አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ልጄ የወጣሁ መስሏት ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ስትወርድ አየኋት። ደንግጣ እንዳትነሣ ብዬ ከበሩ ኋላ ተደበቅሁ፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

፬. እናት አይደለሽም ወይ፣ ለምን አትከለክያትም ይሉኝ ይሆናል። ከለከልኳት። አሠልጣኜ ቅሪ ካላሉኝ አልቀርም ብላ የመሮጫ ጫማዋን ትራስጌዋ አስቀመጠች። አምጬ የወለድኳት እኔ ብሆንም ቃሉ የሚሰማው የእርስዎ ሆኗልና እንኳን ደስ አለዎት። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ልጄ የሩጫው መም ላይ እንደወጣች በእግሯ ላትመለስ ትችላለች ብዬ ፈርቻለሁ። ቅሪ የምትለዋን አንዲት ቃል ከአፍዎ ለማውጣት ማሟሟቂያ እንኳ አያስፈልግዎትም።

ለሚያሳዩን አባታዊ ርኅራኄ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ልጆቻችንን ሲያስሮጡ የሚቀመጡባት ወንበርም ከቶ እንዳትጎረብጥዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
ከሯጮችዎ የአንዷ እናት

ማስታወሻ፦ ልጄን ይዤ የሄድኩ ዕለት፣ እኛ ስንገባ እርስዎ ጉልበትዎን በፋሻ አስጠቅልለው ከዚያው ከፊዚዮቴራፒው ክፍል ሲወጡ አየሁዎ፤ እርስዎ አላዩኝም። ዕረፍት ሳይታዘዝልዎ አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ከመሙ ዳር ተቀምጠው ነው የሚያሠለጥኑት። ምክር መስማትዎ እጅግ ደስ ብሎኛል። ለእሑድ ብቻ ያቺን ወንበር ለልጄ ያውሱልኝ።