ቁልቁለት ላይ የተለካ ዘይት

ጥቅምት 22፣ ጠዋት 12፡30
ሾፌሬ ጌታሁን እንደ ልማዱ የዘይት መለኪያውን ነቅሎ ጠረገ፣ መልሶ ነከረ፣ አየ። ጎድሏል። ትናንትም ጨምሮ ነበር። ሌላ አንድ ሊትር ጨመረ። ከዚያ ከመጋዘኔ ደጃፍ ቁልቁል ለቆ አስነሳት። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነ መኪናዬ ሁሌም አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ነው የምታድረው። ሰማያዊ ጭስ። የቆመችበት መሬት ጥቁር። ይህ ሁሉ እሸት ቡና በደረሰበት ሳምንት።

ጥቅ. 23
መካኒኩ ጋሽ ታምራት ከሥሯ ገብቶ ወጣ። ከሞተሩ ኋላ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል አለ። ሰኞ አስገቢያት፣ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል።
አሥራ አምስት ቀን አይሆንም። ከሸኮ የምረከበው እሸት በዕለቱ ማጠቢያ ካልደረሰ ይቦካል። ገበሬውም አይጠብቀኝም፣ ለጎረቤቴ ለደረጀ ይሸጣል። ደረጀ እንደኔው ቡና ነጋዴ ነው። ሁለት መኪና አለው፤ አንዷ ሞተሯ ሞተ ተብሎ ከደጁ ቆማለች።
ደጄ ድረስ መጥቶ፣ «አስካለ፣ ቁራሌው ሲያልፍ ልጥራልሽ?» አለኝ።


ጥቅ. 24
ሞተር ከመውረዱ በፊት የሚያፈሰውን በዓይኔ ልይ አልኩ። ሞተሩን አሳጠብኩ፣ አስደረቅኩ፣ የበቆሎ ዱቄት ነሰነስኩበት።
ጌታሁን ሳቀ። «እትዬ፣ ገንፎ ልናገነፋ ነው?»
ሸኮ ደርሶ መልስ። ሥሯ የኮባ ቅጠል አንጥፈን አየን። ጠብታው ጥቁር፣ የሞተር ዘይት ነው። ዱቄቱ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፦ ጥቁሩ መስመር የሚጀምረው ከላይ፣ ከሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ነው። በጎን ወርዶ ወደ ኋላ ይሄዳል። የጎማ ቀለበቱ የሚያንጠባጥብ የሚመስለው ከላይ እየወረደበት ነው።
ጋሽ ታምራት መስመሩን በጣቱ ተከተለ። ዘይት ሲበዛበት ሞተር በዚያ ይተፋል አለ በመጨረሻ።
ጌታሁን ማለ። ሳይለካ ጠብታ ጨምሮ አያውቅም። አምነዋለሁ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው።
እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ አንድ ዘይት እንዴት ይጎድላልም ይበዛልም?

ጥቅ. 25
አገኘሁት!
ሸኮ፣ እሸት ልንመዝን ስንል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙ። «ቆይ ልጄ፣ የዘመመ ባስኩላ ይዋሻል።» ጎንበስ ብለው ከባስኩላው እግር ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ሸጎጡ።
እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ባስኩላ አስተካክዬ ስመዝን፣ ዘይቴን ቁልቁለት ላይ አስለካለሁ። አፍንጫዋ ወደ ታች ሲሆን ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ መለኪያው ያለው ወደ ኋላ ነው። ጌታሁን ሁልጊዜ ጉድለት ያያል። ይጨምራል። ሞተሩ የተረፈውን ይተፋል። በማግስቱ እንደገና።
ኳስ ሜዳው ላይ አቆምናት። ግማሽ ሰዓት አሳረፍናት። ለካን። ከላይኛው ምልክት እጅግ አልፏል። ሦስት ሊትር ያህል አወጣን።
ጌታሁን አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የባትሪው ነው አልኩት። ባትሪውን ያልለወጥኩት ደግሞ እኔ።

ጥቅ. 29፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
አራት ደርሶ መልስ። የኮባው ቅጠል ደረቅ። ጭስ የለም። አንድም እሸት አልቦካም፣ አንድም ገበሬ አልሄደብኝም። አዲስ ባትሪ ገብቷል፤ ማደሪያዋ ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ላይ ነው። ጋሽ ታምራት ነገሩን ያገኘው እሱ እንደሆነ ጋራዡ ውስጥ ያወራል አሉ። ያውራ። ሞተሬ አልወረደም።

11፡40
ደጅ ወጥቼ ቁልቁለቱን አየሁ። የደረጀ የቆመችው መኪና። አፍንጫዋ ወደ ታች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ ሥሯ ጥቁር። መተንፈሻ ቱቦዋ ዙሪያ ዘይት በዘይት።
ነገ ጠዋት ለእኔ ይሸጣት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ቁራሌው ሳይቀድመኝ። ዱቄቱን ከገዛኋት በኋላ አሳየዋለሁ።