«ጤዛ»ን ላልጨረሰው ባለ ቁልፍ

ውድ ባለ ቁልፉ፣

ፖስታውን ስትከፍት መጀመሪያ የምትለው ይታወቀኛል። «ይቺ ቆቅ ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው?» ትላለህ። አልተሳሳትክም፤ ፈልጌ ነው። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ድንገት ደብዳቤ ስልክልህ ለደኅና ነው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ፖስታውን ወደ መስኮት አንስቼ ውስጡን በብርሃን ሳላይ አልከፍተውም ነበር። በስልክ ያልጻፍኩልህ ግን ለተንኮል አይደለም። ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ቆይቼ በመጨረሻ የቀረችው «ሰላም ነህ?» የምትል ብቻ ነበረች። እሷንም ሰረዝኳት።

ሰበቤ ጌም ልጠቁምህ ነው። አትሳቅ። እንደ ድሮአችን፣ ሰው የማያውቃቸውን፣ አንድ ሰው ወይ ሁለት ሰው ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ የሠራቸውን ሁለት ጌሞች ይዤልሃለሁ።

አንደኛው ድልድይ ጠባቂ የምትሆንበት ነው። ሰይፍ ይሰጥሃል፤ ግን ዝጎ ከአፎቱ አይወጣም። ያለህ መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው። የመጣውን መንገደኛ ሦስት ጊዜ ጠይቀህ ወይ ታሳልፈዋለህ ወይ ትመልሰዋለህ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ገምት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አንዲት ነፍስ አላሳለፍኩም። እህል የጫነው ነጋዴ ዓይኑ አላማረኝም። አዋላጇ ቦርሳዬን አልከፍትም አለች። ሕፃን ያዘለችውን ሴት ደግሞ ሕፃኑ ለምን አያለቅስም ብዬ መለስኳት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከማዶ ያለው መንደር በረሃብ አለቀ፤ ጌሙም «ድልድዩ በሚገባ ተጠብቋል» ብሎ አመሰገነኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ሁለተኛው ቀለል ይላል። አራት ጡረታ የወጡ ጀግኖች የታመመ የድሮ ጠላታቸውን ሊጠይቁ በእግራቸው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ዘንዶ ያገኛሉ፤ ዘንዶውም አርጅቷል፤ ቁጭ ብለው ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ኃይልህ የሚጨምረው ስትዋጋ ሳይሆን ስታርፍ ነው። ለአንተ ደግሞ ደስ የሚልህ ነገር አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድም የተቆለፈ ሳጥን የለበትም። «ቀኑን ሙሉ ቁልፍ፣ በጨዋታም ቁልፍ?» እያልክ ስንቱን ሳጥን አሳልፈኸኛል! እኔ ሳጥኑ ውስጥ ምን ቀረ ብዬ ስብከነከን እውላለሁ፤ አንተ ሳጥን ከፋቹን ገጸ ባሕርይ ትተህ ጠንቋይ ወይ ወጥ ቤት ሆነህ ትሄዳለህ።

የተዋወቅንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ቁልፌን ቤት ውስጥ ትቼ በሩን ዘግቼ መጥቼ ነበር። ሱቅህ ከቁም ሣጥን አይሰፋም፤ ግድግዳው ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ከማሽኑ ጎን ስልክህ ላይ ጌም ተከፍቷል። «በሬን ክፈትልኝ» ብልህ «ቤቱ ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃሽ ምንድነው?» አልከኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እኔ ግን ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። በኋላ ሳውቅህ አንተ ተጠራጣሪ አልነበርክም፤ ጠንቃቃ ነበርክ። ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ የምሳ ሰዓቴን ሱቅህ ማሳለፍ ጀመርኩ። ላፕቶፔን እዚያው ተውኩት። «ጥግ» ያልነውን ገጽ ከፈትን፤ አርባ የማይሞሉ አንባቢዎች ነበሩን፤ ከእነሱም ሦስቱ የእኔ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፣ በግድ ያስገባኋቸው። አንተ በእጅህ ትጽፋለህ፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ሕጋችን ደግሞ አንድ ነበር፦ ያልጨረስነውን ጌም ለማንም አንጠቁምም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ሰው ሳይጨርስ ያወራል ብዬ አምናለሁ። በማተሚያ ቤት አራሚነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የኛ ሥራ።

እንግዲህ «ጤዛ» መጣ። አንዲት ፋርማሲስት ብቻዋን የሠራችው ጌም ነው፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ትሆናለህ። በሁለተኛው ምዕራፍ ቤቱ ትደርሳለህ፤ አሮጊት እናቱ ከበሩ ጀርባ «ማነህ?» ትልሃለች። መልስህን ራስህ ትጽፋለህ። እንደ ማንኛውም ሰው ሁለት ሦስት ማለዳ ሞክረህ ካልሆነልህ ትተህ ወደ ተራራው ትወጣለህ፤ እዚያ ጦርነቱም ዘንዶውም አለ። እኔ በሦስት ሳምንት ጨረስኩትና ደኅና ጌም ነው ብዬ ተውኩት። አንተ ግን ስለሱ የጻፍከው ጥቆማ ሌላ ነበር። እንደዚያ አድርገህ ጌም አመስግነህ አታውቅም። ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው።

ሱቅህ ሄጄ ሴቭህን፣ ጌሙ ያቆምክበትን የሚመዘግብበትን፣ ከፈትኩት። ምን እንደተባባልን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤

«ስድሳ ሦስት ሰዓት ተጫውተሃል ይላል» አልኩህ። «ያለኸው ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ይሄ ምዕራፍ እኮ በአርባ ደቂቃ ያልቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰዓቱ ከየት መጣ? ላፕቶፑን ከፍተህ ትተህ ቁልፍ ስትቀርጽ ትውላለህ፣ አይደል? የተጫወትክ እንዲመስል!»

«አንቺ ያልሽው ይሁን።»

«ይሁን ማለት ምን ማለት ነው? አዎ ነው? አይደለም ነው?»

«ደንበኛ መጥቷል» አልከኝ። ዞሬ አየሁ፤ ማንም አልነበረም። መሸሽህን እንደ ማመን ቆጠርኩት። «ነገ ላፕቶፔን እወስዳለሁ» ብዬህ ወጣሁ፤ ወሰድኩም። በዚያው ቀን ገጻችን ላይ ጥቆማውን የጻፈው ሰው ጌሙን እንዳልተጫወተው፣ ሰዓቱንም በማጭበርበር እንደሞላው ጻፍኩ። አርባ ሰው ፊት አዋረድኩህ። አርባ ሰው ትንሽ ነው እንዳትለኝ፤ ያለን ሁሉ እነሱ ነበሩ።

አሁን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ባለፈው ወር አንዲት ረጅም ሴት የመታሰቢያ ወረቀት ልታሳትም ወደ ማተሚያ ቤታችን መጣች። እናቷ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። መቼም የእኔ ሥራ ፊደል መልቀም ነው፤ ነገሩን አላነብም። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ፦ «በመጨረሻ ዘመኗ በየቀኑ በሯን ሊጠግን የሚመጣውን ቁልፍ ሠሪ አጥብቃ ትወድ ነበር።» አንድ በር በየቀኑ ይጠገናል? በዳሩ ላይ ቀይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩና ሴትየዋን አስጠራኋት።

«እዚህ ጋ ስህተት ሳይኖር አይቀርም» አልኳት።

«የለውም እህቴ። ቁልፍ ሠሪው ወንድሜ ነው።»

«ልጃቸው ማለት ነው?»

«ልጇ። አላወቀችውም። ‹ልጅሽ ነኝ› ሲላት ትጮህ ነበር፤ ‹ልጄ ገና ትንሽ ነው፣ ምን አደረጋችሁት?› ትላለች። በር አትከፍትለትም። አንድ ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣና ‹በር ልጠግን ነው› አላት። ‹ግባ› አለችው። ዓመት ከምናምን እንደዚያ ገባ። እስክትሞት ድረስ ስለ ትንሹ ልጇ ስታወራለት ኖረች።»

«ይህን ዘዴ ማን ነገራቸው?»

«እኔ እንጃ። ከጌም ነው ይላል። መቀለዱ ይመስለኛል።»

መጀመሪያ ያሰብኩትን ብነግርህ ታፍርብኛለህ፤ አንተ የላክሃት መሰለኝ። «እዚህ ማን ላከዎት?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና «ማን ይልከኛል? ከቤቴ የሚቀርበው ማተሚያ ቤት ይሄ ነው» አለችኝ። የጥያቄ ምልክቱን በነጭ ቀለም አጠፋሁት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን አወጣሁ። ሴቭህ እንዳለ ነበር። አሮጊቷ ቤት ውስጥ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ደብተር ታውቀዋለህ፤ የሰጠሃት መልስ ሁሉ ከጻፍክበት ቀን ጋር ይመዘገብበታል። እኔ ስጫወት ቤቱ ውስጥ ስላልገባሁ አይቼው እንኳን አላውቅም። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ማለዳ አለ። ላፕቶፕ ከፍተው ቢተውት ራሱ አይጽፍም። «ልጅሽ ነኝ።» «እኔ ነኝ እማዬ።» «ልጅሽ ነኝ፣ አትፍሪ።» አሥራ አራት ጊዜ እንደዚያ ብለሃታል፤ አሥራ አራት ጊዜም በሩ አልተከፈተም። ከዚያ ጎረቤት ሆነህ መጣህ። ውሃ ይዤ ነው አልክ። የደብዳቤ ሰው ሆንክ። በሃያ ሦስተኛው ማለዳ «በር ልጠግን ነው» አልካት፤ ያኔ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ከመጨረሻው በቀር፣ ያው አንድ መስመር ነው፤ ሴትየዋ ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ታወራልሃለች። ፋርማሲስቷ ያን ሁሉ ወሬ ማንም ሊሰማው በማይቆይበት ቤት ውስጥ ጽፋ አስቀምጣለች።

ያኔም ዘዴውን በእርግጥ ከጌሙ አገኘኸው ወይ ብዬ ተጠራጠርኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተጠራጠርኩ! ለማረሚያ ነው ብዬ እህትህ ጋ ደወልኩና ወንድምዎ ሳጥኑን ይዘው የመጡት መቼ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት የተከፈተ ሰሞን አለችኝ። ደብተሩ ላይ ያለው የሃያ ሦስተኛው ማለዳ ቀን ከዚያ በሦስት ቀን ይቀድማል። መጀመሪያ እዚያ ሞክረህ ነው ወደ እናትህ የሄድከው።

የመጨረሻዋን መስመርም አነበብኳት። ላፕቶፑን ልወስድ በመጣሁበት ቀን ጠዋት የጻፍካት ናት፦ «በር ልጠግን ነው። ከነገ ጀምሮ ላልመጣ እችላለሁ።»

ባለ ቁልፉ፣ የሠራሁትን አላወቅኩም ብዬ አላመልጥም። አንድ ቀን «እናቴ ነገር መርሳት ጀምራለች» ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ያረምኩልህን ወረቀት እያገላበጥኩ «ሽማግሌ ሁሉ ይረሳል» አልኩህ፤ ጽሑፍ ላለማስረከብ ሰበብ የምትፈጥር መስሎኝ ነበር። ሱቅህን በአሥር ሰዓት ስትዘጋ የት እንደምትሄድ ለማየት አንዴ ከኋላህ ተከትዬሃለሁ፤ አንድ ቤት በር ላይ ቆመህ ስታንኳኳ አየሁ። የሆነች ሴት አለች ብዬ ተመለስኩ። ሴት ነበረች፤ እናትህ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያኔ አንድ ሰው በነገረኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ አትጠይቀኝ። አዝናለሁ። በጣም አዝናለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የደፋሁትን ለመልቀም እንኳን ሁለት ዓመት ዘገየሁ።

በእርግጥ ሕጋችንን ጥሰሃል፤ አልጨረስከውም። ግን ጥቆማህን አሁን እንደገና ሳነበው የትም ቦታ «ጨረስኩት» አላልክም። «እዚህ ቤት ቆይቻለሁ፤ እናንተም ቆዩ» ነው ያልከው። አራሚዋ አላነበበችውም።

ትናንት ገጹ ላይ ጽፌያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ጓደኛዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው አልኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንዱን ማለዳ አንድ በአንድ ተጫውቷቸዋል፤ ያጭበረበረ የለም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «ጤዛ»ንም መልሼ ጠቆምኩ፣ በአንተ ቃል፣ አንድ ፊደል ሳልነካ። የእናትህን ነገር አልጻፍኩም፤ እሱ የማንም አይደለም፣ ያንተ ነው። አንባቢዎቻችን አሁን ሃያ ስድስት ቀርተዋል።

አንድ ጥርጣሬ ብቻ ቀርቶኛል፤ ሳልነግርህ ከዘጋሁት ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ያን ቀን «ይሁን» ያልከኝ ስለ እናትህ ከማውራት አጭበርባሪ መባሉ ስለቀለለህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንደዚያ ከሆነ ከእኔ ጋር ማውራት ያን ያህል ከባድ ያደረግኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ቢሆን አይገርመኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዤ እመጣለሁ። ሴቭህን አልነካሁትም። አሮጊቷ አሁንም ከበሩ ጀርባ ናት፤ የሚቀጥለውን ማለዳ ለማየት ላትፈልግ ትችላለህ፣ ያም ይገባኛል። እኔን ማየት ካልፈለግክ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ዝግ ነው» በሚለው በኩል አዙረው። ከመንገዱ ማዶ አይቼው እመለሳለሁ። በስንጥቁ አጮልቄ አላይም፣ ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ጆሮዬን አልደቅንም፣ እህትህ ጋ አልደውልም። ለምን ብዬም አልጠይቅም።

አሁንም የምታከብርህ፣
ቆቋ