ያላገባ አጃ

ሳቂታዋ ጓደኛዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ዛሬ ጠዋት ያደርኩበት ማረፊያ ምግብ አብሳይ የአጃ ገንፎ አቀረበችልኝ። ስንዴ ከነካው እንደሚያሳምመኝ ታውቂያለሽና «አጃው ንጹህ ነው?» አልኳት።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እኔ ቆሻሻ አበላለሁ እንዴ፣ እታለም? ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት!» አለችኝ።

አፈርኩ። አንቺ ቤት ማንኪያዬ እንኳን ለብቻው ስለሚቀመጥ ማስረዳት አልለመድኩም። በይሉኝታ እንዳልበላው ደግሞ እህቴን ከስድስት ዓመት በኋላ የማገኘው ዛሬ ነው፤ ሆዴን ይዤ ልደርስባት?

«ስንዴ ያልተቀላቀለበት ማለቴ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ውይ! ሁለቱንም የምሰፍረው በአንድ ጣሳ ነው። ታዲያ ያላገባ አጃ አትዪኝም ነበር?» ብላ ሳቀች። ካልተከፈተ ከረጢት ማሽላ አውጥታ በሌላ ድስት ቀቀለችልኝ። «ይኸው፣ ይቺ ገና ልጃገረድ ናት፤ ብዪ» አለችኝ። እየሳቅኩ ጠግቤ በላሁ።

አሁን እህቴ ከሥራ እስክትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ይህን ፖስትካርድ እየጻፍኩልሽ ነው። ሆዴ ሰላም ነው። ለባለቤትሽ፣ ለእናትሽ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጠርዙ ላይ ጽፌም ካርዱ ሞላ፤ እህቴም ይኸው ከመንገዱ ጫፍ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ነው።